«ብሬከሩ ካልወረደ ምን አስጨነቀሽ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤትና ኤሌክትሪክ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ተከራይተን በምንኖርበት ቤት የብሬከር ሳጥኑ የተገጠመው ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት በሚወስደው ኮሪደር ላይ ነው። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ድምፅ ጀመረው። ማታ ኤሲ ስናበራ ዝግ ያለ «እምምም» ይላል፣ እሱን ለምደነዋል። እንጀራ ስጋግር ግን ሌላ ነው። ሽንኩርት ትኩስ ዘይት ውስጥ ሲገባ እንደሚለው ይንጫጫል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ምጣዱን ሳጠፋ ጸጥ ይላል። ብሬከሩ አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። ባለቤቴ «ብሬከሩ ካልወረደ ምን አስጨነቀሽ?» ይለኛል። አከራያችን ደግሞ «ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ነው» ይላሉ። የሰፈር ኤሌክትሪሻን ጠርቼ ነበር፣ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ብሬከሩ አንሶት ነው፣ 32 ይግባለት» ብሎኝ ሄደ። ልጆቼ የሚተኙት ከዚያው ግድግዳ ጀርባ ነው። ማንን ልመን?

የሳቢያን እናት

መልስ፦ አቦ፣ ሦስቱንም አትመኚ። ጆሮሽን እመኚ። ብዙ ሰው «ሳጥኑ ይጮኻል» ብሎ ብቻ ያልፋል፣ አንቺ ግን ሁለት ድምፅ ለይተሽ ጽፈሻል። ሥራው ግማሽ በግማሽ አልቋል ማለት ነው።

በመጀመሪያው ልጀምር፣ እሱ ቀላል ነው። ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ኸርዝ የተባለው በሰከንድ 50 ጊዜ መመላለሱን ነው። ብረትና ጥቅል ሽቦ ያለበት ማንኛውም ዕቃ በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ይሳባል፣ ስለዚህ በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ያ ነው «እምምም»። የበር ደወል ትራንስፎርመር፣ የውኃ ፓምፕ ኮንታክተር፣ ስታቢላይዘር፣ ብሬከሩም ራሱ ከበድ ያለ ጭነት ሲሸከም ትንሽ ያጉረመርማል። ድምፁ ወጥ ከሆነ፣ ጆሮሽን ካላስጠጋሽ በቀር የማይሰማ ከሆነ፣ ሽታም ሙቀትም ከሌለው ተኚ። ከመኝታ ቤት የሚሰማ ከሆነ ግን የክዳኑ ብሎን ላልቶ ወይም ብሬከሩ የተቀመጠበት ሐዲድ ላይ በደንብ ሳይገባ ቀርቶ አብሮ እየተንቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል። ለባለሙያ የደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ድምፅ ነው የሚያሳስበኝ። መንጫጫት፣ መቆም፣ እንደገና መጀመር፣ ያውም ምጣድ ሲበራ ብቻ። ይሄ የላላ ሽቦ ድምፅ ነው። በብሬከሩ ብሎን ሥር ወይም በኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ በሚመለስበት ሽቦ) ማሰሪያ ላይ አንድ ሽቦ በደንብ አልተያዘም። ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን እየዘለለ ሲያልፍ ብልጭ ይላል፣ አንቺ የምትሰሚው ያንን ነው።

ለምን ምጣድ ላይ? የቤት ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ነው። በ220 ቮልት ስትካፍይው ከ16 እስከ 18 አምፔር ገደማ ይሆናል። ቤትሽ ውስጥ ይህን ያህል የሚስብ ሌላ ዕቃ ያለ አይመስለኝም። መብራትና ቴሌቪዥን በላላው ሽቦ ሹልክ ብለው ያልፋሉ፣ ምጣድ ሲመጣ ግን ጉዱ ይወጣል። በቁጥር ላሳይሽ። የላላው መጋጠሚያ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ መቋቋም ቢኖረው፣ 18 አምፔር ሲያልፍበት 32 ዋት ያህል ሙቀት እዚያች የብሎን ጫፍ ላይ ይፈጠራል። ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበት ብረት ያው 30 እና 40 ዋት ነው። አንድ ሙሉ ሊጥ ጋግረሽ እስክትጨርሺ ድረስ ያ ሙቀት ከፕላስቲክ ጋር ተጣብቆ ይቆያል።

አንዴ ከጀመረ ደግሞ በራሱ አይድንም። ሲሞቅ መዳቡ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ በየጋገራው ብሎኑ ትንሽ ትንሽ እየለቀቀ ይሄዳል። የተቃጠለው ፊት ይጠቁራል፣ የጠቆረ መዳብ ደግሞ በደንብ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ይበልጥ ይሞቃል። አከራይሽ «ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ነው» ማለታቸው እውነት ቢሆን እንኳ አያጽናናኝም። እንደውም ያን ያህል ጊዜ ሲበላ ኖሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። «ካልወረደ ምን አስጨነቀሽ» የብዙ ቤት አባባል ነው፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያስፈራኝም እሱ ነው። ብሬከር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በእሱ በኩል የሚያልፈው አምፔር ከልኩ በላይ ሆነ ወይስ አልሆነ። የላላ ሽቦ አምፔር አይጨምርም። ሽቦው ቢቀልጥ፣ ፕላስቲኩ ቢጨስ፣ ምጣዱ የሚስበው ያው 18 አምፔር ነው። ብሬከሩ «ሰላም ነው» ብሎ ይቀመጣል። ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው የሚያድነው፣ የሙከራ ቁልፍ ያለው 30 ሚሊአምፔር ብሬከር ቢኖራችሁ እንኳ እሱም ይህን አያይም፣ የእሱ ሥራ ወደ መሬት የሚያፈስ ካለ መቁረጥ ነው። እሳቱን ከማንም በፊት የሚያውቀው ጆሮና አፍንጫ ነው።

ባለሙያው ያለው «32 ይግባለት» ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ይቅርታ ይደረግልኝና ክዳን ሳይከፍት መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ባለሙያ አይደለም። ብሬከር የሚመረጠው ለምጣዱ ተብሎ አይደለም፣ ግድግዳው ውስጥ ላለው ሽቦ ጠባቂ እንዲሆን ነው። ብዙ ቤት ለሶኬት የሚዘረጋው ሽቦ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ነው፣ ለሱ 16 ወይም ቢበዛ 20 አምፔር ነው የሚገባው። 32 ከገባበት ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚቀልጠው ሽቦው ነው፣ እሱም ልጆችሽ በሚተኙበት ግድግዳ ውስጥ። ደግሞ ልብ በይ፣ ድምፁ የመጣው ከላላ ብሎን ከሆነ 32ም ቢገባ ያው ይንጫጫል። ምናልባት ሲቀይር ብሎኑን ስለሚያጠብቀው ለትንሽ ጊዜ ዝም ይል ይሆናል፣ ያኔ «አየሽ፣ አንሶት ነበር» ይልሻል።

እርግጥ ምጣዱ ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር ከሆነ ጭነቱም በዝቶበታል፣ እሱን አልክድም። «ታዲያ ለምን አይወርድም?» ትይ ይሆናል። የቤት ብሬከር ከልኩ ትንሽ ሲያልፍ ወዲያው አይጥልም። በደረጃው መሠረት 16 የተጻፈበት ብሬከር እስከ 23 አምፔር ድረስ ቢጫንበት ለመውረድ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ በ18 ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ መሸከም አለበት። ጋገራሽ ከዚያ በፊት ያልቃል። በዚህ ላይ የድሬን ሙቀት ጨምሪበት። የቤት ብሬከር ልኩ የሚወጣው በ30 ዲግሪ አየር ነው፣ ከዚያ በላይ ከሞቀ ቶሎ ይወርዳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የምዕራብ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ያለ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጡ ስንት እንደሚደርስ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ እኛ ጋ በሙቀት ወራት ያለ ምክንያት የሚመስል ብሬከር ቢወርድ አይገርመኝም። የሚገርመኝ እየነደደ የማይወርደው ነው።

እሺ፣ ምን ታደርጊያለሽ? ከዛሬ ጀምሮ ምጣዱን በዚያ መስመር አታብሪ። እስኪሠራ ድረስ እንጀራ ከጎረቤት ይጋገር ወይም ይገዛ፣ ምንም አይደለም። ሌላ ክፍል ሶኬት ላይ በዲቫይደር ልሰካው እንዳትይ ብቻ፣ ዲቫይደር ለምጣድ አልተሠራም። የምጣዱን መስመር ብሬከር አውርጂውና ተይው። ሌሎቹ መስመሮች በርተው ድምፁ ከጠፋ ጥርጣሬው በዚያ መስመር ላይ ነው። ከቀጠለ ግን ነገሩ ዋናው ብሬከር ወይም ኒውትራሉ ላይ ነው፣ ያኔ ዋናውን አጥፊና በዚያው ቀን ሰው ጥሪ።

ክዳኑን አንቺ አትክፈቺው። ዋናውን ብታወርጂም ከቆጣሪ ወደ ዋናው ብሬከር የሚገባው ሽቦ ኤሌክትሪክ እንዳለበት ነው። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ ከውጭም አትንኪው፣ ቤቱ የመሬት መስመር ከሌለው ክዳኑ ራሱ ሊይዝ ይችላል። የእጅሽን ጀርባ ሳታስነኪ አስጠጊ፣ ሙቀት ከተሰማሽ በቂ ነው። አሽትቺ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ወይም የዓሣ የመሰለ ሽታ ካለ ጨዋታ የለም፣ ዋናውን አጥፊ።

አከራይሽን ለማሳመን አንድ ዘዴ ልንገርሽ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ካለ አጭር ወይም መካከለኛ ሞገድ ላይ አድርጊው፣ ኤፍኤም አይሆንም። ጣቢያ በሌለበት ቦታ አቁሚና ከሳጥኑ ትንሽ ራቅ አድርገሽ ያዢው። ለዚህ ሲባል ብቻ ምጣዱን ለአንድ ደቂቃ ያህል አስበሪ። ሽቦው ብልጭ ባለ ቁጥር ሬዲዮው ይንኮሻኮሻል፣ ምጣዱ ሲጠፋ ይተዋል። አከራይሽ ቆመው ይስሙት። እንደኔ ግድግዳ ውስጥ ያለ ሽቦና የተሰቀለ ሳጥን የባለቤቱ ወጪ ነው፣ ቢነድ የሚነደው የራሳቸው ቤት ነውና በትህትና አስረጃቸው።

ባለሙያ ስትፈልጊ በጠዋት ፈልጊ። ከሰዓት በኋላ በርጫ ከተቀመጠ ሰው ካቻቪቴ ማስያዝ ድሬ ላይ ከባድ ነው፣ ከተነሳም ይቸኩላል። መጥቶ ሲሠራ አጠገቡ ቁሚ። ዋናውን አጥፍቶ በቴስተር ማረጋገጥ አለበት። ከዚያ ክዳኑ ሲነሳ አንቺም ታዪዋለሽ፣ የታመመው ሽቦ አይደበቅም። የሽቦው ልባስ ጫፉ ላይ ቡናማ ሆኖ ደርቋል፣ ስትነኪው እንደ ድሮው አይታጠፍም። መዳቡ ጠቁሯል። የብሎኑ ራስ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም አውጥቷል። የብሬከሩ ጎን ነጭ የነበረው በዚያ በኩል ብቻ ቢጫ ሆኗል።

እዚህ ላይ ብሎኑን አጥብቆ ክዳኑን ከገጠመው አቁሚው። የጠቆረው ጫፍ ተቆርጦ የሚያብረቀርቅ መዳብ ላይ መድረስ አለበት፣ ፊቱ የተቃጠለ ብሬከርም ይቀየራል። ሌላው የማየው ነገር ብዙ ክር ያለው ሽቦ በብሎኑ ቀዳዳ አልገባ ሲል ግማሹን ክር ቆርጦ የቀረውን ማስገባት ነው። ወይም አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ሽቦ በአንድ ብሎን ሥር መክተት፣ ያኔ ብሎኑ ወፍራሙን ይይዛል፣ ቀጭኑ ልቅ ይቀራል። ሁለቱንም አትፍቀጂ። ካጠበቀ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ በእጁ ሳብ ያድርገው፣ ከወጣ አልታሰረም። ኒውትራሉ የሚታሰርበትንም ናስ እንዳይረሳ፣ ሁሉም ሰው ብሬከሩን አጥብቆ እሱን ይተወዋል። ገብቶ የሞተ እንሽላሊት፣ የጉንዳን አፈር ወይም የእኛ የድሬ አቧራ ካለም ይጠረግ።

ለምጣዱ ግን ትክክለኛው መፍትሔ የራሱ መስመር ነው። ከሳጥኑ እስከ ጓዳ 4 ካሬ ሽቦ፣ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር፣ መሃል ላይ ምንም ቅጥል የሌለው። ታይዋን ገበያም ሂጂ አሸዋ ገበያ፣ ብሬከሩ ላይ ሁለት ነገር አንብቢ። እንደ «ሲ20» ያለው የአምፔሩ ልክ ነው። በትንሽ ሳጥን ውስጥ የተጻፈው 6000 ወይም 4500 ደግሞ ሾርት ሲያደርግ ሳይፈነዳ መቁረጥ የሚችለው መጠን ነው። ሁለተኛው ጭራሽ ያልተጻፈበትን አትግዢ።

ምናልባት ከዚያ በፊት ሳጥኑ መጨስ ከጀመረ፣ መድረስ ከቻልሽ ዋናውን አጥፊ፣ ልጆቹን አውጪ። ውኃ አይሆንም። ደረቅ አሸዋ ወይም የዱቄት ማጥፊያ ካለ ይሁን፣ ከሌለ ግን በሩን ዘግተሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከዚራ፣ የድሮ ቤት ውስጥ ነው። ሳጥናችን አሁንም የሸክላ ቫልቮላ (ፊውዝ) ነው። ሲቃጠል ከገመድ የመዘዝነውን መዳብ ጠምዝዘን እናስርበታለን። አሁን መቃጠል ትቷል፣ ግን ይንጫጫል። ጥሩ ነው መጥፎ?

የከዚራ ልጅ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መቃጠል የተወው አንተ ስላሸነፍከው ነው። የቫልቮላ ሽቦ እንዲቃጠል ተብሎ በልክ የተሠራ ነው፣ አንተ የጠመዘዝከው መዳብ ግን ስንት አምፔር እንደሚችል ማንም አያውቅም። ድምፁ ደግሞ ሸክላው ከሚገባበት የናስ ጥፍር ነው የሚመጣው፣ ጥፍሩ በዕድሜ ይላላል። ከዚራ ያለው ቤት ሁሉ የሚያምረው ከባቡሩ ጋር፣ ድሬ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስትቆረቆር ጀምሮ በተያዘው ፕላን ነው፣ ግድግዳውን ማንም እንዲነካብህ አልመክርም። ቫልቮላውን ግን ጣለው። የሳጥኑን ቦታ ሳትቀይር ሸክላው ተነቅሎ ብሬከር ሊገባበት ይችላል። አሮጌው ሽቦ ልባሱ ስታጥፈው የሚሰነጠቅ ከሆነ ሽቦውም አብሮ ይቀየር።

ጥያቄ፦ ለፍሪጅ የገዛነው ስታቢላይዘር ቀኑን ሙሉ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ ማታ ይብሳል። ተበላሽቶ ይሆን?

ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ አልተበላሸም። ቮልቴጅ ሲወርድና ሲወጣ ውስጡ ያለው ሪሌ እየቀያየረ ነው። ማታ ሁሉም ሰው ኤሲና ምጣድ ስለሚያበራ መስመሩ ይወርዳል፣ እሱም ሥራ ይበዛበታል። በየሰከንዱ ጠቅ ካለ ግን ወይ መስመሩ በጣም ወርዷል ወይ ዕቃው ለፍሪጁ አንሷል። ኃይሉ ቢያንስ ፍሪጁ ከሚፈልገው እጥፍ ይሁን፣ ኮምፕረሰር ሲነሳ ብዙ ይስባልና።

ጥያቄ፦ ቤቴ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ በሸዋ በር በኩል ነው። ድምፁ ከብሬከሩ ሳይሆን ከቆጣሪው አካባቢ ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ይብሳል። ሌላው የገረመኝ ባለቤቴ ምጣድ ስትለኩስ በአንዱ ክፍል ያለው አምፖል ይደበዝዛል፣ በሌላው ክፍል ያለው ጭራሽ ይደምቃል። ባለ ሦስት ፌዝ ነን።

ጡረተኛ፣ ከሐረር

መልስ፦ አባቴ፣ ይህን ለነገ አያሳድሩት። አምፖል መደብዘዙ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመስመር ድካም ነው ባልኩ ነበር፣ በአንድ በኩል ደብዝዞ በሌላ በኩል ሲደምቅ ግን ኒውትራሉ ላልቷል ወይም ሊበጠስ ነው። ሐረር እንደ ድሬ አትነድም፣ የእርስዎ ጠላት ዝናቡ ነው። ከምሰሶ የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ ከመዳብ ጋር ተጠምዝዞ ከተያያዘና ውኃ ካገኘው ይዝጋል። ኒውትራሉ ጨርሶ ከተበጠሰ በአንዱ ፌዝ ላይ ያለው ዕቃ ከ220 አልፎ ወደ 380 ቮልት የተጠጋ ሊደርሰው ይችላል፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ያንን አይችሉም።

ቆጣሪውና እስከ ቆጣሪው ያለው ገመድ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነው፣ ማኅተሙን የሰፈር ባለሙያ እንዲቆርጥ አይፍቀዱ። 905 ይደውሉ። ሲደውሉ «መብራቴ ይደበዝዛል» ብቻ አይበሉ፣ «አንዱ ክፍል ይደምቃል፣ አንዱ ይደበዝዛል፣ ቆጣሪው ይንጫጫል» ይበሉ፣ ያኔ ተራ መቋረጥ እንዳልሆነ ይገባቸዋል። እስኪመጡ ድረስ ዋናውን ያውርዱትና ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም ከሶኬት ይንቀሉ።